ሰሜን ስኮትላንድ በሞተርሆም፦ ዶልፊን፣ ፓፊንና ዓሣ ነባሪ ለማየት በየት በኩል ልጀምር?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ለንደን ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ7 እና የ11 ዓመት ልጆቻችን በጁን መጨረሻ ለ10 ሌሊት ሞተርሆም (ውስጡ የሚታደርበት መኪና) ተከራይተን ኖርዝ ኮስት 500 የሚባለውን መንገድ ሙሉውን ልንዞር አስበናል። ዋናው ጉጉታችን እንስሳት ማየት ነው። ዶልፊን፣ ፓፊን የሚባለው የባሕር ወፍ፣ ከተቻለም ዓሣ ነባሪ። በየት በኩል ብንጀምር ይሻላል? የመኪናውስ መጠን? ስኮትላንድ ውስጥ ደስ ያለን ቦታ ቆመን ማደር እንችላለን የሚባለው እውነት ነው? ባለቤቴ ደግሞ ድሮን ካልያዝኩ እያለ ነው።»

መልስ፦ 10 ሌሊት ጥሩ ጊዜ ነው። ወሩንም በደንብ መርጣችኋል። ሙሉውን ዙር ግን ተዉት።

ኖርዝ ኮስት 500 ከኢንቨርነስ ተነስቶ እዚያው የሚመለስ የ516 ማይል ዙር ነው፤ 830 ኪሎ ሜትር ገደማ። በዚህ ስም መተዋወቅ የጀመረው በ2015 ነው። መንገዶቹ ግን ድሮም የነበሩ የገጠር መንገዶች ናቸው። 516 ማይል ለ10 ቀን ሲካፈል በቀን 50 ማይል ብቻ ነው፤ ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። ችግሩ ሰሜኑና ምዕራቡ ላይ ነው። እዚያ ብዙው መንገድ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ነው። 50 ማይሉ ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል። ነዳጅ መቅዳት አለ፣ ውኃ መሙላት አለ፣ ቆሻሻ መድፋት አለ፣ «ሽንቴ መጣ» የሚል ልጅ አለ። ቀኑ አለቀ ማለት ነው።

በአስጎብኚነት ሥራዬ ደጋግሜ የማየው ነገር ነው። ዙሩን ለመጨረስ የሚሮጥ ሰው ብዙ ተራራና ብዙ ባሕር ያያል። እንስሳ ሲሆን ግን ዕድሉ ይጠብበታል። እንስሳቱ የሚንቀሳቀሱት በታይድ ነው፤ ማለትም ባሕሩ በሚሞላበትና በሚሸሽበት ሰዓት። እናንተ ደርሳችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ፣ ለ20 ደቂቃ ቆማችሁ ስትሄዱ ሰዓቱ ገና ይሆናል፤ ወይም አልፏል። አንድ ቦታ ሁለት ሦስት ሌሊት ያደረ ሰው ግን ሰዓቱን ጠብቆ ሊወጣ ይችላል። ዝናብ ቢሆን ነገ አለው።

እኔ ብሆን አራት ቦታ ብቻ ነው የማድረው። ብላክ አይል 2 ሌሊት፣ ደነት ቤይ 3 ሌሊት፣ ደርነስ ወይም ስካውሪ 3 ሌሊት፣ ጌርሎክ 2 ሌሊት። ከጌርሎክ ኢንቨርነስ በአክናሺን በኩል 70 ማይል ገደማ ስለሆነ የመጨረሻው ቀን አያስጨንቅም። በዚህ ዕቅድ የሚቀርባችሁ አፕልክሮስ የሚባለው የምዕራብ ዳርቻ መንደር ነው። ይቅርባችሁ። ወደዚያ የሚያሻግረው ቢያላክ ና ባ የሚባለው መተላለፊያ እስከ 626 ሜትር የሚወጣ፣ ዳገቱ እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ጠመዝማዛ ነው። ትልልቅ መኪኖች እንዳይሞክሩት የሚመክር ምልክትም መግቢያው ላይ ተተክሏል። ምልክቱን እያየ የሚገባ ሰው ግን አይጠፋም፤ ከዚያ ኩርባው ላይ ሁለት ሞተርሆም ፊት ለፊት ተፋጠው መንገዱን ሲዘጉ ታያላችሁ። በሎክኢንቨርና በካይልስኩ መካከል ያለው ቢ 869 መንገድም እንደዚያው ነው። ስልካችሁ «ይሄኛው ያቀርባል» ቢላችሁ አትስሙት። በኤ 837 እና በኤ 894 ዙሩ።

አቅጣጫን በተመለከተ፣ በምሥራቅ በኩል ጀምሩ። ብዙ ሰው በተቃራኒው ይመክራል። በምዕራብ ከጀመራችሁ ባሕሩ በግራ በኩላችሁ ስለሚሆን ዳር ይዞ ቆም ማለት ይቀላል፤ ይህ እውነት ነው። ሞተርሆም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚይዝ ሰው ግን እኔ ምሥራቁን አስቀድማለሁ። በዚያ በኩል ያለው ኤ 9 ሰፋ ያለ መንገድ ነው። የመኪናውን ወርድ፣ የፍሬኑን ነገር፣ መስታወቱ የት ድረስ እንደሚወጣ እዚያ ትለምዳላችሁ። ጠባቡ መንገድ ሲመጣ እጃችሁ ተፍታቷል።

አሁን ወደ ዶልፊኖቹ። ከኢንቨርነስ ብዙም ሳትርቁ ብላክ አይል ላይ ቻኖንሪ ፖይንት የሚባል ወደ ባሕር የገባ የመሬት ምላስ አለ። ከዋናው የብሪታንያ ደሴት ላይ ቆሞ ዶልፊን ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞሪ ፈርዝ የሚባለው ሰፊ የባሕር ወሽመጥ እዚህ ጋ ይጠባል። ባሕሩ መሙላት ሲጀምር ውኃው በጠባቡ በር ተጋፍቶ ይገባል። ወደ ወንዞቹ ለመውጣት የሚጓዘው ሳልሞን ዓሣም አብሮ በዚያ ያልፋል። ዶልፊኖቹ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ስለዚህ ሰዓቱን ለማወቅ የኢንቨርነስ አካባቢን የታይድ ሰንጠረዥ አውጡና ባሕሩ በጣም የሸሸበትን ሰዓት ፈልጉ። ከዚያ አንድ ሰዓት ገደማ ጨምሩ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት የናንተ ናቸው። ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ስለሚዘገይ የትናንቱን ለነገ አትጠቀሙበት።

በጁን የቀኑ ብርሃን ወደ 18 ሰዓት ይደርሳል። ስለዚህ በቀን ሁለት ጊዜ ዕድል ልታገኙ ትችላላችሁ። እነዚህ ዶልፊኖች በሞቃት ባሕር ከሚኖሩት ዘመዶቻቸው ይገዝፋሉ፤ ብርዱን የሚቋቋሙበት ስብ አላቸው። አንዳንዱ ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። አንዳንዴ ከጠጠሩ ዳርቻ ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ድረስ ይመጣሉ። ልጆቻችሁ ሲጮኹ አትቆጡ፤ ሁሉም ሰው ነው የሚጮኸው።

ሞተርሆሙን ግን ወደ ቻኖንሪ ጫፍ አትንዱት። መንገዱ በጎልፍ ሜዳ መሃል የሚያልፍ ጠባብ ነው፤ ፓርኪንጉም ትንሽ ነው። ሮዝማርኪ ባሕር ዳር ያለው የካምፕ ቦታ ላይ አቁማችሁ በዳርቻው በእግር ሂዱ። ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው።

ወደ ሰሜን ስትወጡ ጎልስፒ አጠገብ ሎክ ፍሊት ላይ ለአንድ ሰዓት ቁሙ። ባሕሩ ሲሸሽ ሲል የሚባሉት የባሕር አጥቢ እንስሳት አሸዋው ላይ ተጋድመው ይታያሉ። በዚህ ወር ግልገል ይወልዳሉ። ብቻውን የተኛ ግልገል ብታዩ «እናቱ ጥላው ሄደች» ብላችሁ አትቅረቡት። ዓሣ ልታጠምድ ሄዳ ነው፤ ሰው ካየች ግን ላትመለስ ትችላለች። ሲሎቹ ጭንቅላታቸውን ቀና አድርገው ካዩአችሁ በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው። ወደ ኋላ በሉ።

ሁለተኛው ማደሪያ ደነት ቤይ ነው። ረጅም ነጭ አሸዋ፣ ቀጥሎ የካምፕ ቦታ። ከዚያ ደነት ሄድ አጭር ጉዞ ነው። ብዙ ሰው ጆን ኦ ግሮትስ የብሪታንያ የመጨረሻ ሰሜናዊ ጫፍ ይመስለዋል፤ ትክክለኛው ጫፍ ግን ደነት ሄድ ነው። በ1831 የተሠራ የመብራት ማማ አለ፤ ከሥሩ ገደል። ፓፊኖቹ ገደሉ ላይ ናቸው።

ስለ ፓፊን ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ትንሽ ናቸው። ፎቶ ላይ ዳክዬ የሚያክሉ ይመስላሉ፤ ቁመታቸው ግን 30 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ያለ ባይኖክላር ነጭና ጥቁር ነጥብ ናቸው፤ የ7 ዓመቱ ልጅ ያኮርፋል። ሁለተኛ፣ ቀን ቀን አብዛኞቹ ባሕር ላይ ናቸው። ወደ ማታ ተሰብስበው ወደ ጉድጓዳቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ እራት በልታችሁ ውጡ። ፓርኪንጉም ያኔ ባዶ ይሆናል። ከኤፕሪል ጀምሮ ይመጣሉ፤ በኦገስት መጀመሪያ ሙልጭ ብለው ይሄዳሉ። በኦገስት አጋማሽ መጥቶ «የታሉ?» የሚል ቱሪስት በየዓመቱ አለ።

ገደሉ ላይ ጥንቃቄ አይለያችሁ። ሣሩ የሚመስለው ዳር ከሥሩ የፓፊን ጉድጓድ ሊሆን ይችላል፤ ይደረመሳል። አጥር ባለበት ከአጥሩ ወዲህ፤ ልጆቹን በእጅ።

ከዚያው ከደነት ቤይ ወደ ደንካንስቢ ሄድ ሂዱ። እንደ ሾጣጣ ማማ የቆሙ ድንጋዮች አሉ። ከፊታችሁ ያለው ፔንትላንድ ፈርዝ፣ በዋናው ምድርና በኦርክኒ ደሴቶች መካከል ያለው ውኃ ነው። የታይድ ግፊቱ ከዓለም ኃይለኞቹ አንዱ ነው። ኦርካ፣ ማለትም ገዳይ ዓሣ ነባሪ የሚባለው፣ የሚታየው እዚህ ነው። ሲሎችን ለማደን ከዳርቻው ሥር ድረስ ይመጣል። በሜይ መጨረሻ ላይ ለዚሁ ብለው የሚሰበሰቡ ተመልካቾች አሉ፤ በጁንም ይታያል። ግን «ኦርካ እናያለን» ብላችሁ ለልጆቹ ቃል አትግቡ። ሳምንት ሙሉ ቆሞ ሳያይ የሚመለስ ባለሙያም አለ።

ባሕር ላይ ምን እንደሚፈለግ ካላወቃችሁ ዓይን ይደክማል። መጀመሪያ ነፋስ የሌለበትን ቀን ምረጡ። ነጭ አረፋ የሞላበት ባሕር ላይ ክንፍ አይታይም። ቀጥሎ ወፎቹን እዩ። ጋኔት የሚባለው ትልቅ ነጭ ወፍ ክንፉን አጥፎ እንደ ቀስት ወደ ውኃ ሲወረወር ካያችሁ ከሥሩ ዓሣ አለ። ዓሣ ካለ ሌላም ሊኖር ይችላል። ባይኖክላር ስትገዙ 8 በ42 የሚለውን ውሰዱ። ከዚያ በላይ የሚያጎላው እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ጀልባ ላይማ ጭራሽ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ርካሽም ቢሆን የየራሱን ስጡት። አንዱን ለሁለት ካካፈላችሁ ቀኑ ጠብ ነው።

ከደነት ቤይ ወደ ደርነስ 80 ማይል ገደማ ነው። ሙሉ ቀን ስጡት። ከቶንግ በኋላ መንገዱ ይጠባል፤ ሎክ ኤሪቦልን መዞርም ጊዜ ይወስዳል። ደርነስ ላይ ሳንጎ ሳንድስ የሚባለው የካምፕ ቦታ ገደል አናት ላይ፣ ከባሕር ዳሩ በላይ ነው። ነፋስ ሲመጣ መኪናው ይወዛወዛል። እኔ ደስ ይለኛል፤ ሁሉም ሰው ግን እንቅልፍ አይወስደውም። እንደዚያ ከሆናችሁ ስካውሪ ይሻላችኋል፤ ለሃንዳም ይቀርባል።

ሃንዳ ከጉዟችሁ አንድ ቀን ሙሉ የሚገባት ደሴት ናት። ከታርበት በትንሽ ጀልባ ይኬዳል። እሁድ አትሠራም። ማዕበል ካለም ትቀራለች፤ 3 ሌሊት ያልኩት ለዚህ ነው። ደሴቲቱን የሚዞረው የእግር መንገድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ልጆች ይወጡታል። ገደሉ ላይ ጊለሞት የሚባሉት ወፎች እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ ተጣብቀው ቆመዋል፤ ሽታው ሳታዩአቸው ይቀበላችኋል። ሜዳው ላይ ደግሞ ታላቁ ስኩዋ የሚባል ወፍ አለ። ወደ ጎጆው ከቀረባችሁ ጭንቅላታችሁ ላይ ይወርዳል። ከመንገዱ አትውጡ። በ2021 እና 2022 የወፍ ጉንፋን ስኩዋዎቹን ክፉኛ ፈጅቷል። የሞተ ወፍ ብታዩ ልጆቹ እንዳይነኩ። ወደ ታርበት የሚወርደው መንገድ ጠባብና ቁልቁለት ነው፤ ማቆሚያውም ጥቂት ስለሆነ ለመጀመሪያው ጀልባ ድረሱ። ውሻ ካላችሁ ደሴቲቱ ላይ አይፈቀድም።

በዚህ አካባቢ ድንጋያማ ዳርቻ ባገኛችሁበት ሁሉ ኦተር የሚባለውን ዓሣ አዳኝ ዋናተኛ አጥቢ እንስሳ ፈልጉ። እዚህ ያለው ወንዝ ውስጥ የሚኖረው ዓይነት ነው፤ ምግቡን ግን ከባሕር ነው የሚያወጣው። ለዚህም ጨው የሚያጥብበት የወራጅ ውኃ አጠገብ መሆን አለበት። ትንሽ ጅረት ባሕር የምትገባበት ቦታ ላይ ቁጭ በሉ። ኦተሩ ብቅ ሲል ደርቃችሁ ቁሙ፤ ሲጠልቅ ተራመዱ። ውኃ ውስጥ የሚቆየው ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ልጆች ይህን ጨዋታ ሲወዱት!

ጌርሎክ ላይ በጀልባ ውጡ። በበጋ ሚንኪ የሚባለው ዓሣ ነባሪ ይመጣል። ከ7 እስከ 10 ሜትር ይሆናል። ውኃ እየረጨ የሚዘል አይደለም። ሁለት ሦስት ጊዜ ጀርባውን ያሳይና ለደቂቃዎች ይጠፋል። በዚያው ነጭ ጅራት ንስርን ሰማይ ላይ ፈልጉ፤ ክንፉ ሲዘረጋ 2.4 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ይህ ወፍ ስኮትላንድ ውስጥ በ1918 ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። በ1975 ከኖርዌይ ጫጩቶች እያመጡ ረም ደሴት ላይ መልቀቅ ጀመሩ። በ1990ዎቹ ደግሞ በዚሁ በዌስተር ሮስ ተለቀቁ። ዛሬ የሚታዩት የነሱ ዘሮች ናቸው።

ስለ መኪናው። 7 ሜትር አትውሰዱ፤ ወደ 6 ሜትር የሚጠጋ ለአራት ሰው ይበቃል። ስትከራዩ የአልጋውን ቁጥር ብቻ አትዩ። አራት ሰው የሚያስተኛ መኪና ሁለት ሰው ብቻ በቀበቶ የሚያስቀምጥ ሊሆን ይችላል። የኋላ ወንበሮቹ ወደ ፊት የሚያዩና ቀበቶ ያላቸው መሆናቸውን በጽሑፍ አረጋግጡ። ልጅ 12 ዓመት ወይም 135 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ የልጅ ወንበር ግዴታ ነው። የመኪናውን ከፍታ በወረቀት ጽፋችሁ መሪው ፊት ለጥፉ። ከ3,500 ኪሎ በታች ከሆነ በመደበኛው ቢ ፈቃድ ይነዳል። ፈቃዳችሁ የኢትዮጵያ ከሆነና እንግሊዝ መኖር ከጀመራችሁ 12 ወር ካለፈ ግን አይሠራም። ፍጥነትም ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ሕግ አለ። የመኪናው ባዶ ክብደት ከ3.05 ቶን ካለፈ ባለ ሁለት አቅጣጫ ተራ መንገድ ላይ ጣሪያው 60 ሳይሆን 50 ማይል ነው።

ጠባቡ መንገድ ላይ በየተወሰነ ርቀት መተላለፊያ ሰፋ ያለ ቦታ አለ። ከፊት መኪና ሲመጣ በግራችሁ ካለ ግቡ፤ በቀኝ ከሆነ እዚያው ትይዩ ቁሙና እሱ ይግባ። ከኋላችሁ መኪና ከተሰለፈም ግቡና አሳልፉ። የአገሩ ሰው ሥራ እየሄደ ነው፤ ነርስ ልትሆን ትችላለች። እዚያ ቦታ ላይ ቆሞ ፎቶ ማንሳት ወይም ቡና ማፍላት ነውር ነው። ነዳጅ ግማሽ ሲደርስ ሙሉ፤ ጣቢያ በጣም ይራራቃል።

ደስ ያለን ቦታ ማደር እንችላለን ወይ ላላችሁት፣ አይደለም። በ2003 የወጣው የስኮትላንድ የመሬት ሕግ በእግር፣ በብስክሌትና በድንኳን ለሚሄድ ሰው ሰፊ መብት ይሰጣል። በሞተር የሚሄድን ግን አይጨምርም። ማደር የሚቻለው ካምፕ ቦታ፣ ወይም ሌሊት መቆም የሚፈቅድ ምልክት ባለበት ፓርኪንግ፣ ወይም ባለቤቱ ሲፈቅድ ነው። ለጁን መጨረሻ አሁኑኑ ያዙ። የሽንት ቤቱን ቆሻሻ መያዣ (ካሴት) ካምፕ ቦታው ላይ በተዘጋጀለት ጉድጓድ ብቻ ድፉ። ቁጥቋጦ ውስጥ የሚደፋ ሰው በመኖሩ ነው የአካባቢው ሕዝብ ሞተርሆም ሲያይ ፊቱን የሚያጠቁረው።

ሚጅ የምትባለዋን ደቃቅ ተናካሽ ዝንብ አትናቋት። ነፋስ የሌለበት ንጋትና ምሽት ላይ በደመና ትመጣለች። ነፋስ ካለ መብረር አትችልም። የፊት መረብ ለአራታችሁም ግዙ። ምሽት ላይ በሩን ከፍታችሁ መብራት አታብሩ፤ ሌሊቱን ስታክኩ ታድራላችሁ።

ድሮኑን በተመለከተ ባለቤትሽን አስቀይሜ ልናገር፤ ቤት ይቅር። ገደል ላይ ያሉ ወፎች ድሮንን እንደ አዳኝ ወፍ ነው የሚያዩት። በድንጋጤ በአንዴ ሲነሱ እንቁላሉና ጫጩቱ ገደል ይገባል። ዶልፊንና ዓሣ ነባሪን ሆን ብሎ ወይም በግድየለሽነት ማወክ ወንጀል ነው፤ የነጭ ጅራት ንስርን ጎጆ ማወክም እንደዚያው። የግድ ማብረር ካለበት እንስሳ ከሌለበት፣ ሰውም ከማይበዛበት ባዶ አሸዋ ላይ፣ አስፈላጊውን ምዝገባ ጨርሶ ያብርር። በድሮኑ ፋንታ ያንን 8 በ42 ባይኖክላር ይግዛ።